የሁለት ከዋክብት ጉርብትናና የእኛ ደብተር

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፤ ወልቂጤ



በዓመት አንድ ጊዜ በምትወጣው መጽሔታችን ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ መልካም ጠባይና ስለ አገር ፍቅር ነው። እኔም ዛሬ ስለ ከዋክብት ስጽፍ ከዚህ መንገድ የወጣሁ አይምሰላችሁ። ነገሬ የሚጀምረው ከሰማይ ነው፤ የሚያርፈው ግን እዚሁ በእጃችን በያዝነው ደብተር ላይ ነው።

ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ምሽት በቤታችን ተሰብስበን ለፈተና ስናጠና መብራት ጠፋ። ሻማ ከመፈለግ ይልቅ ወደ ደጅ ወጣን። ጨረቃ አልነበረችም፤ ሰማዩም ከዳር እስከ ዳር ጥርት ብሎ ነበር። ጓደኞቼ በመብራቱ መጥፋት ሲያማርሩ፣ እኔ የፊዚክስ መምህራችን ከጥቂት ቀናት በፊት በትምህርቱ መጨረሻ ላይ የነገሩን ትዝ አለኝ። «በሰሜን በኩል ፐርሲየስ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ አልጎል የሚሉት አንድ ኮከብ አለ። ሦስት ቀን ሊሞላ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው እየደበዘዘ ተመልሶ ይበራል። ያለ ምንም መነጽር ይታያል» ብለውን ነበር። በዚያን ጊዜ አንዱ ተማሪ እጁን አንሥቶ «መምህር፣ ይህ በፈተና ይመጣል ወይ?» ሲል ጠየቀ። «አይመጣም» አሉ። ሁላችንም እስክሪብቶአችንን አስቀመጥን። እውነቱን ለመናገር እኔም ካስቀመጡት አንዱ ነበርሁ።

በዚህ ጽሑፍ የምከራከርለት ሐሳብ አንድ ብቻ ነው። ይኸውም በወልቂጤና በቡታጅራ የምንገኝ ተማሪዎች፣ ለፈተና የማይመጣውን ሰማይ በገዛ ዓይናችን እየተመለከትን፣ ያየነውን ብቻ በታማኝነት የምንመዘግብበት አንድ የጋራ ደብተር ልንጀምር ይገባናል የሚል ነው። ምክንያቱን ለማስረዳት ግን በመጀመሪያ ስለ ጥንድ ከዋክብት ኑሮ ጥቂት እንዳጫውታችሁ ፍቀዱልኝ። ስለ ሳይንሱ ታሪክ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።

በ1782 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ዮርክ በምትባል ከተማ ጆን ጉድሪክ የሚባል ወጣት ነበር። በሕፃንነቱ በያዘው ሕመም ምክንያት ጆሮው አይሰማም ነበር። ዕድሜውም 18 ዓመት፣ ማለት ዛሬ በ12ኛ ክፍል የተቀመጥን የብዙዎቻችን ዕድሜ ነበር። ይህ ልጅ አልጎል ድንገት ሲደበዝዝ አየ። ዓይኔ ተሳስቶ ይሆናል ብሎ ሳይተወው፣ ጎረቤቱና ዘመዱ ከሆነው ከኤድዋርድ ፒጎት ጋር እየተነጋገረ ሌሊት በሌሊት ይከታተልና ሰዓቱን ይጽፍ ጀመር። በ1783 ዓ.ም. ኮከቡ የሚደበዝዝበትን ጊዜ ለክቶ፣ ዛሬ ከሚታወቀው ከ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ጋር እጅግ የተጠጋ ቍጥር አገኘ። ምክንያቱንም ሲገምት፣ ጨለማ የሆነ ሌላ አካል ኮከቡን እየዞረ ሊጋርደው እንደሚችል ጻፈ። የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲም በዚያው ዓመት የኮፕሊ ሜዳልያን ሸለመው። ጉድሪክ በ1786 ዓ.ም. ገና በ21 ዓመቱ ሞተ። ግምቱ ትክክል መሆኑን ኸርማን ፎገል የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ የኮከቡን ብርሃን በመሣሪያ ተንትኖ ያረጋገጠው ከመቶ ዓመት በኋላ በ1889 ዓ.ም. ነው።

አልጎል እንግዲህ ለዓይናችን አንድ ይምሰል እንጂ ሁለት ጎረቤቶች ናቸው። ራቅ ብሎ የሚዞራቸው ሦስተኛም አለ፤ ለአሁኑ ነገራችን ግን እሱን እንተወው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 9 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ርቀት ለእኛ ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን ለፀሐይ እጅግ ቅርብ የሆነችው ፕላኔት አጣርድ እንኳ በአማካይ 58 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ እንደምትዞር ስናስብ፣ አልጎሎች ግድግዳ ተጋርተው የሚኖሩ ጎረቤቶች መሆናቸውን እንረዳለን።

ጠበብትን ለረጅም ጊዜ ያስቸገረው ነገር በእነዚህ ጥንዶች ላይ ተገኘ። በከዋክብት ሕግ ክብደት ያለው ኮከብ ነዳጁን ቶሎ ይጨርሳል፤ ስለዚህ ቶሎ ያረጃል፤ ሲያረጅም ያብጣል። በአልጎል ግን ነገሩ ተገልብጦ ተገኘ። ከፀሐይ ከ3 እጥፍ በላይ የሚከብደው ኮከብ ገና ወጣት ሆኖ ሲታይ፣ የፀሐይን ክብደት እንኳ የማያህለው ሁለተኛው አርጅቶና አብጦ ተገኘ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ የተወለዱ ከሆኑ ቀላሉ እንዴት ቀድሞ አረጀ? በ1955 ዓ.ም. ጆን ክሮፎርድ የተባለ የሥነ ፈለክ ሊቅ መልስ ሰጠ። ዛሬ ቀላል የሆነው ኮከብ ጥንት ከባዱ እሱ ነበር፤ ሲያብጥ ግን ሀብቱን ለጎረቤቱ አፈሰሰለት አለ።

ይህ መፍሰስ እንዴት ያለ እንደ ሆነ እኛ የጉራጌ ልጆች ከማንም ይልቅ በቀላሉ ልንረዳው እንችላለን። ቡታጅራ ከተራራችን በስተምሥራቅ፣ ወልቂጤ በስተምዕራብ ናት። በተራራው ራስ ላይ ዝናብ ሲዘንብ፣ በምሥራቅ በኩል የወደቀው ጠብታ ወደ መቂ ወንዝ ወርዶ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። በምዕራብ በኩል የወደቀው ደግሞ ወደ ዋቤ ወርዶ፣ ከግቤ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ኦሞ ይሄዳል። ሁለቱን ጠብታዎች የለያያቸው ምናልባት አንድ ክንድ መሬት ነው። በሁለት ተቀራራቢ ከዋክብት መካከልም እንዲሁ የማይታይ የስበት ተራራ አለ። ከተራራው ወዲህ ያለ ጋዝ የዚህኛው ነው፤ ወዲያ ያለው የዚያኛው ነው። ኮከቡ ሲያረጅና ሲያብጥ ከተራራው ጫፍ ይደርሳል። በሁለቱ መካከል ዝቅ ባለው በር በኩልም ጋዙ ወደ ጎረቤቱ መፍሰስ ይጀምራል። የዚህን ድንበር ሒሳብ ያወጣው ኤድዋር ሮሽ የተባለ የ19ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዊ ነው።

እስቲ አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ስጦታው በልክ ሲሆን ጎረቤታሞቹ እንደ አልጎል በደኅና ይኖራሉ። ይሁን እንጂ አንድ አስቸጋሪ ሕግ አለ። ቀላሉ ኮከብ ለከባዱ ሲሰጥ ሁለቱ እየተራራቁ ይሄዳሉ፤ ከባዱ ለቀላሉ ሲሰጥ ግን እየተቀራረቡ ይሄዳሉ። ሲቀራረቡ ለሰጪው የተከለለው ስፍራ ይጠብበታል። ስፍራው ሲጠብበት የሚፈሰው ይበዛል፤ የሚፈሰው ሲበዛ ደግሞ የባሰ ይቀራረባሉ። በዚህ ላይ ሰጪው በእርጅና ያበጠ ግዙፍ ቀይ ኮከብ የሆነ እንደ ሆነ፣ ከላዩ ሲቀነስለት በመጭመት ፈንታ ይብሱን ያብጣል። ተቀባዩ ትንሽ ነው፤ የመጣለትን ሁሉ ሊውጥ አይችልም። በዚህ ጊዜ ጎርፉ ከተራራው በላይ ሞልቶ ሁለቱንም ሸለቆ ያለብሳል። ሁለቱ ከዋክብት በአንድ የጋዝ ካባ ተጠቅልለው በውስጡ ይሽከረከራሉ። ጠበብት ይህንን ዘመን «የጋራ ካባ» ይሉታል። ይህን ሐሳብ በ1976 ዓ.ም. አብራርቶ የጻፈው ቦህዳን ፓቺንስኪ የተባለ ፖላንዳዊ ሊቅ ነበር።

በካባው ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ትንሹ ኮከብና የግዙፉ ኮከብ እምብርት ጥቅጥቅ ባለው ጋዝ ውስጥ እየቀዘፉ ሲዞሩ ሰበቃ ይይዛቸዋል። በጭቃ ውስጥ የሚሮጥ ሰው ጉልበቱ እንደሚያልቅ፣ እነርሱም የዙረታቸውን ጉልበት ለጋዙ እየሰጡ ወደ መካከል ይወርዳሉ። ይህ ሁሉ በከዋክብት ዕድሜ ሲመዘን የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። ኮከብ ዕድሜው በሚሊዮንና በቢሊዮን ዓመታት ሲቈጠር፣ በካባው ውስጥ ያለው ዋናው ውድቀት በጥቂት ዓመታት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ሊያልቅ ይችላል። ፍጻሜውም ከሁለት አንዱ ነው። ከዙረቱ የወጣው ጉልበት ካባውን ገፎ ለመጣል ከበቃ፣ ካባው ወደ ጠፈር ይበተናል፤ ሁለቱ እርቃናቸውን እጅግ ተቀራርበው ይቀራሉ። ካልበቃ ግን ሁለቱ ተዋሕደው አንድ ኮከብ ይሆናሉ።

ለመጀመሪያው ፍጻሜ ምስክሩ ከራሳችን በላይ አለ። በጥር ወር ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ቀና ብንል፣ አባቶቻችን ሠውር ከሚሉት መደብ ውስጥ ሒያዴስ የተባሉ የተሰበሰቡ ከዋክብት ከአናታችን አጠገብ ይታያሉ። ከእነርሱ ጋር የሚኖር፣ ለዓይን ግን የማይታይ፣ በቴሌስኮፕ ብቻ የሚገኝ ቪ 471 የሠውር የሚባል ጥንድ አለ። መጋረዱ የታወቀው በ1970 ዓ.ም. ነው። አንዱ ከፀሐይ ጥቂት የሚያንስ ተራ ኮከብ ሲሆን፣ ሁለተኛው ነጭ ድንክ ነው። ነጭ ድንክ ማለት የሞተ ግዙፍ ኮከብ እምብርት ነው፤ ስፋቱ መሬታችንን ቢያህል ነው። እነዚህ ሁለቱ ተዟዙረው የሚጨርሱት በ12 ሰዓት ተኩል ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከ2 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። አሁን ጥያቄው ይህ ነው፤ ነጭ ድንኩ በሕይወት ሳለ ከፀሐይ ከመቶ እጥፍ በላይ የሰፋ ግዙፍ ነበር። ታዲያ ጎረቤቱ ዛሬ የቆመበት ስፍራ ያን ጊዜ በግዙፉ ሆድ ውስጥ ነበር ማለት ነው! ፓቺንስኪም ይህንን ጥንድ ጠቅሶ የጋራው ካባ ካልነበረ በቀር እንዲህ ያለ መቀራረብ ሊሆን እንደማይችል አስረዳ።

ለሁለተኛው ፍጻሜ ምስክሩ የተገኘበት መንገድ ደግሞ ለእኔ ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካ ነው። በመስከረም ወር 2008 ዓ.ም. አቅራብ በተባለው መደብ ውስጥ አንድ ኮከብ በድንገት ከሺህ እጥፍ በላይ ደመቀ፤ ከዚያም ቀልቶ ከሰመ። ቪ 1309 የአቅራብ ብለው ሰየሙት። ምን እንደ ሆነ በመጀመሪያ ማንም አላወቀም። ነገር ግን የዋርሶ ዩኒቨርሲቲ ጠበብት በቺሊ አገር ተራራ ላይ በተከሉት ቴሌስኮፕ ያንኑ የሰማይ ክፍል ለሌላ ሥራ ብለው ለዓመታት ሲያነሡ ኖረዋል። መዝገባቸውን ወደ ኋላ ቢገልጡ፣ ያንን ኮከብ ሳያስቡት ከሺህ ጊዜ በላይ ለክተውት ተገኘ። ሮሙዋልድ ቲሌንዳና ጓደኞቹ ቍጥሩን አስልተው በ2011 ዓ.ም. አስታወቁ። ኮከቡ አንድ ሳይሆን፣ በየ1.4 ቀን ገደማ የሚዟዟሩ ሁለት ተጣባቂ ከዋክብት ነበሩ። የዙረታቸውም ጊዜ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ከዓመት ዓመት እያጠረ ሄዶ፣ በመጨረሻ ተዋሐዱ። የሰው ልጅ ሁለት ከዋክብት አንድ ሲሆኑ ከነዋዜማው ለማየት የቻለው በዚህ ነው። አስቡት እንግዲህ! ሌሊቱን ሁሉ የመዘገቡት ሰዎች ምን እንደሚጠቅም አያውቁም ነበር። ያዳናቸው ያዩትን ሳይመርጡ በሙሉ መጻፋቸው ነው።

«ይህ የቺሊ ነገር ነው፤ የእኛ አገር ነገር አይደለም» የሚል ሰው ቢኖር፣ ቡታጅራን ላስታውሰው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በ1986 ዓ.ም. በቡታጅራ ዙሪያ ያሉ ቤተሰቦችን ቈጥሮ፣ ከዚያ በኋላ የተወለደውን፣ የሞተውንና የሄደውን ለብዙ ዓመታት በየቤቱ እየዞረ ሲመዘግብ ኖሯል። ከዚያ መዝገብ ስለ ሕፃናት ሞት፣ ስለ እናቶች ጤናና ስለ አእምሮ ሕመም ብዙ ጥናት ወጥቶ በዓለም ተነቧል። አያቶቻችን በራቸውን ከፍተው ለመዝጋቢው መልስ ሲሰጡ ይህ ሁሉ ይሆናል ብለው አልነበረም። ስለዚህ በትዕግሥት መመዝገብ ለአገራችን ልጆች እንግዳ ነገር አይደለም።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልናገር። ምክንያቱም ያለዚያ ምክሬ ከንቱ ይሆናል።

ከዚያች መብራት ከጠፋባት ምሽት በኋላ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁና የአልጎልን ብርሃን ከጎረቤት ከዋክብት ጋር እያነጻጸርሁ መጻፍ ጀመርሁ። በቡታጅራ የምትኖረው የ11ኛ ክፍል ተማሪ የአክስቴ ልጅም በስልክ ስነግራት ደስ ብሏት የራስዋን ደብተር ያዘች። አንድ ቅዳሜ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ኮከቡ ከብርሃኑ ሲሶው ያህል ብቻ ቀርቶት አየሁት። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የሚቀጥለውን ለማግኘት ሒሳብ ሠራሁ። ሦስት ቀን ሊሞላ 3 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ይጐድላልና፣ መቀነስ ሲገባኝ ደመርሁ። ስለዚህ ማክሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት አልፎ ይደበዝዛል ብዬ ቈረጥሁ። ማክሰኞ ግን ወልቂጤ ላይ ደመና ሆነ፤ እኔም እንቅልፍ ያዘኝ። ጠዋት ስነሣ ደብተሬ ባዶ መሆኑ አሳፈረኝ። «ሒሳቡ እንደሚለው ነውና ምን ይለዋል?» ብዬ «ሌሊት 7 ሰዓት፤ ደብዝዞ ታየ» ብዬ ጻፍሁ።

በሳምንቱ መጨረሻ ከአክስቴ ልጅ ጋር ደብተራችንን በስልክ አነበብን። በቡታጅራ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። እርስዋ የጻፈችው «ማክሰኞ ከምሽቱ 1 ሰዓት ደብዛዛ፤ 3 ሰዓት እየደመቀ፤ 6 ሰዓት ሙሉ ብርሃን» የሚል ነበር። እኔ ደብዝዞ አየሁት ባልሁበት ሰዓት ኮከቡ ሙሉ በሙሉ ደምቆ ነበር! እርስዋ «አንተ መቼም በደንብ አይተኸዋል፤ እኔ ተሳስቼ ይሆናል፤ ልፋቀው?» ብላ ጠየቀችኝ። በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ ያፈርሁበት ቀን የለም። ታላቅዋ ስለ ሆንሁ ብቻ እውነተኛውን ልትፍቅ፣ ሐሰተኛው ሊቀር ነበር። «አትፋቂው፤ እኔ አላየሁም፤ ዋሽቼ ነው» አልኋት።

በገና ሰሞን ወደ አያቴ አገር በሄድሁ ጊዜ ይህንን ነገር አጫወትኋቸው። በምሽት ከጀፎረው ሣር ላይ ተቀምጠን ሰማዩን እያየን ነበር። አያቴ በሽምግልና ብዙ ነገር የዳኙ ሰው ናቸው። ከሣቁ በኋላ «ልጄ፣ ምስክር ሲቀርብ በመጀመሪያ የምንጠይቀው ‹አየህ ወይስ ሰማህ?› ብለን ነው። ‹መሆን አለበት› የሚል ምስክር አንቀበልም» አሉኝ። እኔ በአሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት ያልጨበጥሁትን የሳይንስ ሥርዓት አያቴ በአንድ ቃል ጨረሱት።

በዚህ ላይ ተቃዋሚ እንደሚኖረኝ አውቃለሁ። አባቴ ራሳቸው «ይህ ኮከብ ቈጠራ እንጀራ ይሆናል ወይ? ፈተናህን አጥና» ብለውኛል። ነገራቸው እውነት አለው። በ2014 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4። ይህን ቍጥር የሚያይ ወላጅ ልጁ ሰማይ ሲያይ ቢቈጣ አይፈረድበትም።

እኔ ግን በበኩሌ እንዲህ እላለሁ። ለዓመታት «ይህ በፈተና ይመጣል ወይ?» እያልን እስክሪብቶ ስናስቀምጥ ኖረናል፤ ፈተናውንም ቢሆን አላለፍነውም። ሳያዩ መልስ መጻፍ፣ ሳይሠሩ ከጓደኛ መቅዳት፣ ሳይገባ መሸምደድ፣ እነዚህ ሁሉ «ሌሊት 7 ሰዓት፤ ደብዝዞ ታየ» ከሚለው ከእኔ ሐሰት የተለዩ አይደሉም። ወረቀቱ ይሞላል፤ እውቀቱ ግን ባዶ ነው። አልጎል የሚያስተምረን በመጽሐፍ የተጻፈ መልስ ይዘን ልናታልለው የማንችለውን መምህር ነው። ከዚህም በላይ የስበት ሕግ፣ የጉልበት ጥበቃ፣ የብርሃን መጠን፣ እነዚህ ሁሉ በፈተናችን የሚመጡ ናቸው። በጋራው ካባ ውስጥ ከዙረት የወጣ ጉልበት ካባውን ገፎ እንደሚጥል የተረዳ ተማሪ፣ የጉልበት ጥበቃን ሕግ በቀላሉ አይረሳውም።

ይህስ ለሕዝባችን ምን ይጠቅማል ለሚሉ እናቶች አንድ ነገር ልጨምር። በነሐሴ 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ሁለት የኒውትሮን ከዋክብት ተጋጭተው ያስነሡት የስበት ሞገድ ከ130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት መጥቶ በአሜሪካና በጣሊያን ባሉ መሣሪያዎች ተመዘገበ። እንደ ወርቅ ያሉ ከባድ ንጥረ ነገሮች በእንደዚህ ያለ ግጭት እንደሚሠሩ ማስረጃ የሆነው ይህ ነው። እንዲህ ያሉትን ሁለት ከዋክብት አቀራርበው ለግጭት ከሚያበቁት መንገዶች ዋነኛው የጋራው ካባ እንደ ሆነ ይታመናል። ስለዚህ በእናቴ ጣት ላይ ያለው የወርቅ ቀለበት ታሪክ ከእነዚህ ጎረቤታሞች ኑሮ ጋር ሊገናኝ ይችላል። ደግሞም ካባው ስንት ጉልበት ሲያገኝ እንደሚገፈፍ፣ የትኛው ጥንድ ተርፎ የትኛው እንደሚዋሐድ፣ እስከ ዛሬ ድረስ በታላላቅ ኮምፒውተሮችም ተሟልቶ አልተመለሰም። ያልተጨረሰ ሥራ ማለት እኛም ልንደርስበት የምንችለው ሥራ ማለት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሐሳቤን በአጭሩ ላቅርብ።

በመጀመሪያ፣ በወልቂጤም በቡታጅራም ፈቃደኛ የሆኑ ተማሪዎችና አንድ መምህር ያሉበት የሰማይ ተመልካቾች ማኅበር ይቋቋም። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የበጋ ወራት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፣ አልጎል በሰሜን በኩል ከፍ ብሎ ይታያል። የሚያስፈልገው ደብተር፣ እርሳስ፣ ሰዓትና የወፍራም ልብስ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ደብተሩ የሁለቱ ከተሞች የጋራ ይሁን። ተራራው በመካከላችን ነውና በአንዱ ወገን ደመና ሲሆን በሌላው ብራ ሊሆን ይችላል። አንዱ ሲሳሳት ሌላው ያርመዋል፤ ይህንን በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። ሦስተኛ፣ ያልታየ ነገር እንዳይጻፍ፣ «ደመና ነበር» ወይም «ተኝቼ ነበር» ብሎ መጻፍም እንደ ነውር እንዳይቈጠር ሕግ ይሁን። አራተኛ፣ ትምህርት ቤታችን በወር አንድ ምሽት የግቢውን መብራት አጥፍቶ ወላጆችም መጥተው እንዲያዩ ያድርግ።

ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ተዘግቶ የሚቀር አይደለም። በ2004 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ባደረገው ጥረት፣ በእንጦጦ ተራራ ላይ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለው በ2015 ዓ.ም. ተመርቀዋል። በ1911 ዓ.ም. የተቋቋመው የአሜሪካ የተለዋዋጭ ከዋክብት ተመልካቾች ማኅበርም ሙያቸው ሥነ ፈለክ ካልሆነ ሰዎች፣ ከየትም አገር፣ በዓይን የታየውን መዝገብ ይቀበላል። የእኛም ደብተር አንድ ቀን ከዚያ መዝገብ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

አባቶቻችን በ1950ዎቹ ማንንም ሳይጠብቁ፣ ከሱቃቸውና ከእንሰት ማሳቸው ገንዘብ አዋጥተው ለአገራቸው መንገድ አሠርተዋል። ከእኛ የሚጠየቀው መዋጮ ግን አንድ ደብተርና ጥቂት እንቅልፍ ነው። ይህን ሳንሰጥ የቀረን እንደ ሆነ ልጆቻቸው ነን ለማለት እንቸገራለን።

እኔ በዚህ ዓመት ፈተናዬን ተፈትኜ ከዚህ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ላልፍም ልወድቅም እችላለሁ። የምተውላችሁ ግን ደብተሬን ነው፤ ከመምህራችን ዘንድ ይገኛል። ሐሰተኛውን መሥመር አልፋቅሁትም። ከጎኑ «አላየሁም» ብዬ ጽፌ ስሜን ፈርሜበታለሁ። ከእኔ በኋላ የምትመጡ ታናናሾቼ ከሚቀጥለው ገጽ ጀምሩ። ኮከቡ በሰዓቱ ይደበዝዛል፤ እናንተም በሰዓቱ ተገኙ።